መሐንዲስ አይደለም የተባለው መሐንዲስ
(የሰር ስታንሊ ሁከር የሕይወት ታሪክ ባጭሩ)

ከድምፅ ፈጥኖ መንገደኛ ያመላልስ የነበረው ኮንኮርድ የተባለው አይሮፕላን ስሙ ሲነሣ፣ ብዙ ሰው የሚያስታውሰው ሾጣጣ አፍንጫውንና ነጭ ክንፉን ነው። ከክንፉ ሥር ሆነው ያገሡ የነበሩትን አራት ሞተሮችና እነዚያን ሞተሮች ያሳደጋቸውን ሰው የሚያስታውስ ግን ጥቂት ነው። እኛም በዚህ ጽሑፍ የዚያን ሰው ሕይወት ለጓደኞቻችን ለማስተዋወቅ አሰብን። ስለ ሞተር መጻፍ የምሕንድስና ተማሪዎች ድርሻ ሲሆን የሥነ ጥበብ ፋኩልቲ ተማሪዎችን ምን አገባቸው የሚል አንባቢ ቢኖር፣ ታሪኩን እስከ መጨረሻው እንዲያነብልን እንለምነዋለን፤ ይህ ሰው ራሱ ምሕንድስና ሳይማር ወደ ሞተር ሥራ የገባ ነበርና። ዓመታቱን ሁሉ የጻፍናቸው በኤውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።

ስታንሊ ጆርጅ ሁከር ሴፕቴምበር 30 ቀን 1907 በእንግሊዝ አገር፣ ቴምዝ ወንዝ ከባሕር በሚገናኝበት አካባቢ በምትገኘው ሺርነስ በተባለች የወደብ ከተማ ተወለደ። በትምህርቱ ጎበዝ ስለ ነበረ ነጻ የትምህርት ዕድል አግኝቶ ለንደን ወደሚገኘው ኢምፔሪያል ኮሌጅ ገባና ሒሳብ አጠና። ከሒሳብም ውስጥ ልቡን የሳበው የሚፈሱ ነገሮች፣ ይኸውም የውሃና የአየር አካሄድ ነበር። ወንዝ በሰፊ ሜዳ ላይ ሲሆን ዝግ ብሎ፣ በገደል መካከል ሲጠብ ግን እየፈጠነ የሚያልፈው ለምን እንደ ሆነ፣ አየርም በክንፍ ላይ ሲያልፍ አይሮፕላኑን እንዴት እንደሚያነሣው በቁጥር የሚያስረዳ ትምህርት ነው። ከዚያም ወደ ኦክስፎርድ ዩኒቨርሲቲ ተሻግሮ በ1935 የዶክተርነት ማዕርግ ተቀበለ። ጥቂት ጊዜም በመንግሥት የባሕር ኃይል ምርምር ክፍል ሠራ። እስከዚህ ድረስ የሕይወቱ ታሪክ የማንኛውም ጎበዝ ተማሪ ታሪክ ነው፤ የሥራው መሣሪያ ወረቀትና እርሳስ ነበር።

በ1938 መጀመሪያ ላይ ደርቢ በተባለችው ከተማ በሚገኘው የሮልስ ሮይስ ፋብሪካ ተቀጠረ። የፋብሪካው አለቃ ኧርነስት ሃይቭስ የዩኒቨርሲቲ ደጃፍ ያልረገጠ፣ ከጋራዥ ሠራተኛነት ተነሥቶ በሥራው ብርታት እስከ ላይ የወጣ ሰው ነበር። ይህ ሰው ወጣቱን ዶክተር ባነጋገረው ጊዜ፣ በመሐንዲስነት በኩል ይህን ያህል የሚባል አለመሆኑን ፊት ለፊት ነገረው፤ ነገር ግን አልመለሰውም። ሌላ ሰው ቢሆን በማዕርጉ ኮርቶ ይቀየም ነበር። ሁከር ግን ነገሩን በልቡ አኖረው። በእርጅናው ዘመን የሕይወቱን ታሪክ ሲጽፍ ለመጽሐፉ ስም ያደረገለት ያንኑ የአለቃውን ፍርድ ነው።

በፋብሪካው ውስጥ በመጀመሪያዎቹ ቀናት ይህን ሥራ ብሎ ያዘዘው ሰው አልነበረም። ክፍል ተሰጥቶት ብቻውን ተቀመጠ። ሥራ ፈትቶ መዋል ስለ ከበደው ከክፍል ወደ ክፍል እየዞረ ሌሎች የሚሠሩትን ይመለከት ጀመር። በዚህ መካከል የሞተር አየር መጭመቂያ ከሚፈትኑ ሰዎች ዘንድ ደረሰና የመዘገቧቸውን ቁጥሮች ተመለከተ።

የዚህን መሣሪያ ጥቅም ለደገኛ ማስረዳት አያስቸግርም። ወደ ላይ በተወጣ ቁጥር አየር ይሳሳል፤ ከቆላ የመጣ ሰው ደጋ ላይ ዳገት ሲወጣ ትንፋሽ የሚያጥረው ስለዚህ ነው። ሞተርም እንደ ሰው ይተነፍሳል፤ ነዳጁን የሚያነድበት አየር ሲያንሰው ጉልበቱ ይከዳዋል። መጭመቂያው የሳሳውን አየር አጭቆ ያስገባለታል። የጭነት መኪና ሹፌሮቻችን ቱርቦ የሚሉት መሣሪያ የዚሁ የቅርብ ዘመድ ነው። ሁከር ቁጥሮቹን ከሚያውቀው ሒሳብ ጋር ባስተያየ ጊዜ፣ አየሩ በመግቢያውና በየመታጠፊያው ብዙ ጉልበት በከንቱ እንደሚያባክን አገኘ። ያገኘውንም ጽፎ ለክፍሉ አዋቂ ለጄምስ ኤሎር ላከለት። ኤሎር በዚህ መሣሪያ ላይ ብዙ ዘመን የደከመ ሰው ነበርና ትናንት የገባ ልጅ ሥራዬን ነቀፈብኝ ብሎ ሊቆጣ ይችል ነበር። አልተቆጣም። ወጣቱ ትክክል መሆኑን አይቶ የመጭመቂያውን ሥራ አስረከበው። የሁከርን ብልሃት ስናደንቅ የኤሎርን ትሕትናም መርሳት አይገባንም፤ የሽማግሌው ትሕትና ባይኖር የወጣቱ ዕውቀት መሳቢያ ውስጥ ተቆልፎ በቀረ ነበር።

በ1939 ሁለተኛው የዓለም ጦርነት ሲነሣ የእንግሊዝ ተዋጊ አይሮፕላኖች የተመኩት በሮልስ ሮይስ መርሊን ሞተር ነበር። ሁከርና ጓደኞቹ በየጊዜው የዚህን ሞተር ትንፋሽ አሻሻሉ። በመጨረሻም አንዱ መጭመቂያ የጨመቀውን አየር ሁለተኛው እንደገና እንዲጨምቀው በማድረግ፣ በ30,000 ጫማ ከፍታ ላይ የሞተሩን ጉልበት ወደ እጥፍ አደረሱት። በ1942 ጀርመኖች ፎክ ዎልፍ በተባለው አዲስ አይሮፕላን የእንግሊዝን ስፒትፋየር በበለጡ ጊዜ፣ ስፒትፋየር እንደገና አንገቱን ቀና ያደረገው በዚህ ሞተር ነው። ይህን ግን ሁከር ለብቻው አልሠራውም። ሒሳቡን እሱ ሲያሰላ፣ ሞተሩን በንድፍ የሚያውቀው አርተር ረብራና በሙከራ የሚያውቀው ሲሪል ላቭሲ አብረውት ነበሩ። እነዚህን ሁለት ስሞች አንባቢ በልቡ ይያዛቸው፤ ከሠላሳ ዓመት በኋላ እንደገና እናገኛቸዋለን።

በ1940 ሁከር ፍራንክ ዊትል ከተባለ የአየር ኃይል መኮንን ጋር ተዋወቀ። ዊትል ፕሮፔለር የማያስፈልገውን አዲስ ሞተር፣ ዛሬ ጄት የምንለውን፣ አስቦ በ1930 ያስመዘገበና በ1937 አሠርቶ ያስነሣ ሰው ነበር። የጄትን ሞተር ነገር ለመረዳት የቀጥቃጭ ቤት ማሰብ ይበቃል። ቀጥቃጩ በወናፍ አየር ይነፋል፤ አየሩ ፍሙን ያነደዋል። በጄት ውስጥ ወናፉ መጭመቂያው ነው፤ ፍሙም የነዳጁ እሳት ነው። አዲሱ ነገር፣ ወናፉን የሚነፋው ሰው ሳይሆን እሳቱ ራሱ መሆኑ ነው። ትኩሱ አየር ሲወጣ ተርባይን የተባለውን ባለ ብዙ ምላጭ መንኰራኵር ያዞራል፤ መንኰራኵሩም በአንድ ዘንግ ከመጭመቂያው ጋር የተያያዘ ስለ ሆነ ወናፉን ይነፋል። የተረፈው ትኩስ ነፋስ ወደ ኋላ ሲወረወር አይሮፕላኑ ወደ ፊት ይገፋል።

ዊትል አሳቡ ነበረው፤ ዕቃውን በሚፈልገው ብዛትና ጥራት የሚሠራለት ወርክሾፕ ግን አልነበረውም። ሁከር ወናፍ ማለት ምን እንደ ሆነ ያወቀ ሰው ስለ ነበረ የሞተሩ ዋጋ ወዲያው ታየው። አለቃውን ሃይቭስን ይዞ ሄዶ አሳየው። ሃይቭስም ችግሩን ሰምቶ ዕቃውን ፋብሪካው እንዲሠራ አደረገ። በኋላም የዊትልን ሞተር ለመሥራት ተመድቦ የነበረው የሮቨር ፋብሪካ ሥራው ባልቀና ጊዜ፣ ሃይቭስ የታንክ ሞተር የሚሠራ ፋብሪካ ለሮቨር ሰጥቶ የጄቱን ሥራ በለውጥ ወሰደ። በ1943 መጀመሪያ ሁከር በሰሜን እንግሊዝ ባርኖልድስዊክ በተባለች ትንሽ ከተማ የጄት ሞተር ሥራ ዋና መሐንዲስ ሆነ። መሐንዲስ አይደለም የተባለው ሰው በአምስት ዓመት ውስጥ ዋና መሐንዲስ ተባለ ማለት ነው።

ሮልስ ሮይስ ጄቶቹን በወንዝ ስም ይጠራ ጀመር፤ በእኛ አገር ቢሆን ጊቤ፣ ጎጀብ፣ ዲዴሳ እንደ ማለት ነው። ዌላንድ የተባለው በ1944 ሚትዮር በተባለው ተዋጊ አይሮፕላን ላይ ተጭኖ ሥራ ገባ። ደርዌንት የተባለው በ1945 ሚትዮርን በሰዓት 975 ኪሎሜትር አስፍጥኖ የዓለምን ክብረ ወሰን አሰበረ። ኒን የተባለው ደግሞ በጊዜው ከነበሩት ሞተሮች ሁሉ በጉልበት የሚስተካከለው የለም ይባል ነበር። የእንግሊዝ መንግሥት ይህን ሞተር በ1946 ለሶቪየት ኅብረት እንዲሸጥ ፈቀደ። ሶቪየቶችም ፈትተው መረመሩት፤ አምሳያውን ሠርተው ሚግ 15 በተባለው ተዋጊ አይሮፕላን ላይ ጫኑት። ስለዚህ የእኛ የቃኘው ሻለቃ ወታደሮች ከ1951 ጀምሮ በተሰለፉበት በኮሪያ ጦርነት፣ በጠላት ወገን ሰማይ ላይ ያገሣ የነበረው ሞተር ዘሩ ከባርኖልድስዊክ ነበር። ዕውቀት አንድ ጊዜ ከሠሪው እጅ ከወጣ በኋላ ለማን እንደሚያገለግል ሠሪው አይመርጥም፤ ይህ ማንኛውም የተማረ ሰው ሊያስብበት የሚገባ ነገር ነው።

ከጦርነቱ በኋላ ሁከርና ሃይቭስ ተጣሉ። አቮን የተባለው አዲስ ሞተር መጭመቂያው እያስቸገረ ሥራው ተጓተተ። ሃይቭስም የጄቱን ሥራ ወደ ደርቢ አዛውሮ በቅርቡ ሊያደርገው ፈለገ። ሁከር ሥልጣኑ የተነካ መስሎ ታየው። ሁለቱም ግትር ነበሩ። በመጨረሻ ሁከር የአሥራ አንድ ዓመት ቤቱን ትቶ ወጣና በጃንዋሪ 1949 ተፎካካሪ ወደ ሆነው ወደ ብሪስቶል ኩባንያ ገባ። ብሪስቶል፣ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ከ1936 እስከ 1940 በስደት ከኖሩባት ከባዝ ከተማ ሃያ ኪሎሜትር ያህል ቢርቅ ነው።

በብሪስቶል የጠበቀው ትልቅ ፈተና ነበር። ፕሮቲየስ የተባለው ሞተር፣ ዛሬ በአገር ውስጥ መስመር እንደምናያቸው አይሮፕላኖች፣ ተርባይኑ ፕሮፔለር የሚያዞር ዓይነት ነው፤ ብሪታኒያ ለተባለው የመንገደኛ አይሮፕላንም ታስቦ ነበር። ነገር ግን አንዱ ጉድለት ሲታረም ሌላው ይወጣል። ፌብሩዋሪ 4 ቀን 1954 ብሪታኒያው ሊገዙት ያሰቡትን የሆላንድ አየር መንገድ ሰዎች ጭምር ይዞ በአየር ላይ ሳለ፣ የአንዱ ሞተር ማርሽ ተሰበረና እሳት ተነሣ። አብራሪው ቢል ፔግ አይሮፕላኑን በሰቨርን ወንዝ አፍ ጭቃ ላይ በሆዱ አሳረፈው። ሰው አልሞተም፤ አይሮፕላኑ ግን የባሕር ውሃ ገባበት። ሁከርም የማርሹን ጥርሶች ቅርጽ ለወጠ። በ1956 ደግሞ ይኸው አይሮፕላን በአፍሪካ ሰማይ ላይ በሞቃቱ አገር ከፍተኛ ደመና ውስጥ ሲያልፍ፣ በአየር መግቢያው የተጠራቀመው በረዶ ወደ ውስጥ እየተወረወረ እሳቱን ያጠፋበት ጀመር። በበረሃው አናት ላይ በረዶ መኖሩን ደርቢም ብሪስቶልም ተቀምጦ ማወቅ አይቻልም፤ ወጥቶ መብረር ያስፈልጋል። መፍትሔው ሁልጊዜ የጋለ፣ የጠፋውን እሳት ወዲያው መልሶ የሚለኩስ መሣሪያ ውስጡ ማስገባት ሆነ።

በዚህ ሁሉ መከራ መካከል ማንም ያልጠበቀው ነገር ሆነ። የተጣላው የቀድሞ አለቃው ሃይቭስ ስልክ ደውሎ፣ እርዳታ ቢያስፈልገው እንደሚሰጠው ነገረው። ቃሉንም አላጠፈም፤ ከሮልስ ሮይስ የተመረጡ መሐንዲሶችን ወደ ተፎካካሪው ፋብሪካ ላከለት። መጥተው አዩ፤ መከሩት፤ ምንም ዋጋ ሳይጠይቁ ተመለሱ። ሁለቱ ሰዎች ከዚያ ወዲያ አልተነጋገሩም ይባላል። እንዲህ ያለውን ዕርቅ ሽማግሌ አላስታረቀውም፤ ያስታረቃቸው ሞተሩ ነው።

አሁን ወደ ኮንኮርድ ሞተር ደረስን። ኦሊምፐስ የተባለው ሞተር ብሪስቶል ላይ በ1950 ተነሣ። በዚህ ሞተር መጭመቂያው ለሁለት ተከፍሎ እያንዳንዱ የራሱ ተርባይንና የራሱ ዘንግ አለው። ይህም ሁለት ወናፍ፣ እያንዳንዱ በሚስማማው ፍጥነት እንዲነፋ እንደ ማድረግ ነው፤ አቮንን ያስቸገረው ዓይነት የመጭመቂያ ጣጣ በዚህ ይቀልላል። በ1953 ኦሊምፐስ የተጫነለት አይሮፕላን 63,668 ጫማ ከፍታ ደርሶ የዓለም ክብረ ወሰን ያዘ። ከዚያ ቩልካን የተባለው ቦምብ ጣይ በዚሁ ሞተር በረረ። ኖቬምበር 29 ቀን 1962 እንግሊዝና ፈረንሳይ ከድምፅ የሚፈጥን የመንገደኛ አይሮፕላን በጋራ ለመሥራት ሲፈራረሙ፣ የተመረጠው ሞተር ኦሊምፐስ ሆነ። የሞተሩን ዋና ክፍል የሁከር መሥሪያ ቤት፣ የኋላውን የጭስ መውጫና ተጨማሪ ማቃጠያውን ስኔክማ የተባለው የፈረንሳይ ኩባንያ ያዘ።

ከድምፅ መፍጠን ማለት ምን እንደ ሆነ የገጠር ልጅ ሁሉ ያውቃል። ከማዶ ሰው እንጨት ሲፈልጥ ምሳሩ ሲያርፍ አስቀድሞ በዐይን ይታያል፤ ድምፁ ቆይቶ ይደርሳል። ኮንኮርድ ከዚያ ከሚዘገየው ድምፅ እጥፍ ያህል፣ በሰዓት ከ2,100 ኪሎሜትር በላይ እንዲበር ነበር የታሰበው። በዚህ ፍጥነት አየር ከፊት የሚመጣው እንደ ደራሽ ጎርፍ ነው፤ የመጭመቂያው ምላጮች ደግሞ ከድምፅ የፈጠነ አየር መዋጥ አይችሉም። ስለዚህ በሞተሩ ፊት ያለው የአየር መግቢያ፣ የሚንቀሳቀሱ መዝጊያዎቹን ከፍ ዝቅ እያደረገ በጥቂት ሜትር ርቀት ውስጥ አየሩን ከድምፅ ፍጥነት ግማሽ ያህል ድረስ ያዘገየዋል። አየሩ ፍጥነቱን ሲያጣ ግፊት ያተርፋል፤ ስለዚህ መግቢያው ራሱ ያለ ምንም ምላጭ ትልቅ ወናፍ ይሆናል። ነገር ግን ግፊት ሙቀት ያመጣል። አየሩ ገና ወደ ሞተሩ ሳይደርስ ከሚፈላ ውሃ ይበልጥ ይግላል፤ መጭመቂያው ሲጨምርበት ደግሞ የተለመደው ብረት የማይችለው ሙቀት ይሆናል። ስለዚህ የመጨረሻዎቹ የመጭመቂያ ምላጮች፣ በሌላ ሞተር ከእሳቱ በኋላ ብቻ ከሚያስፈልገው ሙቀት ከሚችል የኒኬል ቅልቅል ተሠሩ። ተዋጊ አይሮፕላን በዚህ ፍጥነት የሚበረው ለጥቂት ደቂቃ ነው፤ ይህ ግን መቶ መንገደኛ ይዞ ከሁለት ሰዓት በላይ በዚያው ፍጥነት መቆየት ነበረበት። ተጨማሪ ማቃጠያው የሚለኮሰው ለመነሣትና የድምፅን ፍጥነት ለማለፍ ብቻ ነው፤ ከዚያ በኋላ ይጠፋና ሞተሩ በራሱ ጉልበት ይሄዳል። የሙያው ሰዎች የኦሊምፐስን ሞተር የሚያደንቁት በተለይ በዚህ ነው።

ኮንኮርድ ማርች 2 ቀን 1969 ቱሉዝ ላይ ለመጀመሪያ ጊዜ በረረ። በኖቬምበር 1970 የድምፅን ፍጥነት እጥፍ ደረሰ። ጃንዋሪ 21 ቀን 1976 መንገደኛ ማመላለስ ጀመረ፤ ከለንደን ወይም ከፓሪስ ኒው ዮርክ በሦስት ሰዓት ተኩል ያህል ያደርስ ነበር። ለመንገደኛ ሥራ የዋሉት አይሮፕላኖች ግን 14 ብቻ፣ የያዟቸውም አየር መንገዶች ሁለት ብቻ ናቸው፤ የእንግሊዝና የፈረንሳይ። 95 ቶን ያህል ነዳጅ ይይዛል፤ የሚጭነው ሰው መቶ ነው። የድምፅን ግድብ ሲጥስ የሚያሰማው ነጎድጓድ ሕዝብ ባለበት ምድር ላይ እንዳይበር አስከለከለው። ከ1973 በኋላም ነዳጅ ተወደደ። ጁላይ 25 ቀን 2000 ፓሪስ አጠገብ ወድቆ 113 ሰዎች ሞቱ። በኦክቶበር 2003 የመንገደኛ ሥራው አበቃ። እስከ ዛሬም ቦታውን የተካ ከድምፅ ፈጣን የመንገደኛ አይሮፕላን ሥራ ላይ አልዋለም። እንግዲህ በሁከር እጅ ካለፉት ሞተሮች ሁሉ በጥበቡ የረቀቀው፣ ያገለገለው ባለጸጎችን ነበር።

የሕይወቱ ታሪክ በዚህ ቢያበቃ ጥሩ ታሪክ፣ ግን የሚያሳዝን ታሪክ በሆነ። አላበቃም። በ1966 ሮልስ ሮይስ የብሪስቶልን የሞተር ኩባንያ ገዛውና ሁከር ሳይወድ በግድ በስም ወደ ቀድሞ ቤቱ ተመለሰ፤ ከጥቂት ጊዜ በኋላም በጡረታ ከዋናው ሥራ ራቀ። በዚህ ጊዜ ሮልስ ሮይስ አር ቢ 211 የተባለ ሦስት ዘንግ ያለው ታላቅ ሞተር ለአሜሪካው ሎክሂድ ኩባንያ ለመሥራት ተዋውሎ ነበር። የፊቱን ትልቅ ማራገቢያ ምላጮች ከካርቦን ክር ለመሥራት ሞከሩ፤ ወፍ ቢገባበት ምን ይሆናል ተብሎ ሲፈተን ምላጮቹ ተሰባበሩ። ሌላውም ችግር ተደራረበ፤ ወጪው ከታሰበው በላይ ናረ። ፌብሩዋሪ 4 ቀን 1971፣ ብሪታኒያው ጭቃ ላይ ባረፈ ልክ በ17 ዓመቱ፣ ሮልስ ሮይስ ከሠረ። በሺህ የሚቆጠሩ ሠራተኞች እንጀራ ተንጠለጠለ።

ሁከር ያን ጊዜ 63 ዓመቱ ነበር። ከተጣላበት ቤት የቀረበለትን ጥሪ ተቀብሎ የቴክኒክ ዳይሬክተር ሆኖ ወደ ደርቢ ተመለሰ። ከወጣቶቹም ጋር የቀድሞ ጡረተኞችን ሰበሰበ፤ ሲሪል ላቭሲና አርተር ረብራ ከእነዚህ አንዶቹ ነበሩ። ሠላሳ ዓመት ቀደም ብሎ መርሊንን ያሻሻሉት ሽማግሎች እንደገና በአንድ ጠረጴዛ ዙሪያ ተቀመጡ። አዲስ አሳብ አላመጡም፤ ያደረጉት ጉድለቱን አንድ በአንድ መቁጠር፣ መለካትና ማረም ነው። አየሩ በከንቱ የሚያመልጥበትን ፈለጉ፤ ተርባይኑን አሻሻሉ፤ ማራገቢያው ከቲታኒየም ብረት ተሠራ። ሞተሩ ቃል የተገባለትን ጉልበት ሰጠ። በኤፕሪል 1972 ሎክሂድ ትራይስታር የተባለው አይሮፕላን በዚህ ሞተር መንገደኛ ማመላለስ ጀመረ። በ1974 ንግሥቲቱ ለሁከር የሰርነት ማዕርግ ሰጡት። ሜይ 24 ቀን 1984 ዐረፈ፤ የሕይወቱ ታሪክ መጽሐፍም በዚያው ዓመት ታተመ።

ይህ ሁሉ ከእኛ ምን ያገናኘዋል የሚል ቢኖር፣ መልሱ ሰማይ ላይ ነው። የኢትዮጵያ አየር መንገድ በ1946 ሥራ ሲጀምር ቀድሞ ከከፈታቸው የአገር ውስጥ መስመሮች አንዱ የጅማ ነበር፤ የቡናው አገር መኪና መንገድ በክረምት በሚበላሽበት ዘመን የጅማ ቡና በአይሮፕላን ወደ አዲስ አበባ ይጫን ነበር። አየር መንገዱ በ1962 መጨረሻ ጄት አስመጣ። በ2016 ደግሞ ኤርባስ ኤ 350 የተባለውን አይሮፕላን ከአፍሪካ አየር መንገዶች ሁሉ ቀድሞ ተረከበ። የዚህ አይሮፕላን ሞተሮች ትሬንት ይባላሉ፤ ይህም የወንዝ ስም ነው። ትሬንት ባለ ሦስት ዘንግ ሆኖ የአር ቢ 211 የልጅ ልጅ ነው። ኮንኮርድ በቦሌ ተመላልሶ አላገለገለንም፤ ከበቾ ቦሬም ሆነ ከአጋሮ ተነሥቶ ወደ ውጭ አገር የሚሄድ ሰው ግን ከአዲስ አበባ ሲሳፈር፣ ሁከር በእርጅናው ባዳነው የሞተር ዘር ላይ ሊቀመጥ ይችላል። ለእኛ የደረሰን ያ ሰው ከክብሩ ጫፍ ላይ ሆኖ የሠራው ሳይሆን፣ ከጡረታው ተነሥቶ ጉድለት በመልቀም ያተረፈው ነው።

በዚህ ላይ አንድ ነገር መጨመር እንወዳለን። በአገራችን ወናፍ የሚነፋ ሰው ሲናቅ ኖሯል። ማረሻውን ሠርቶ የሚያበላንን ቀጥቃጭ፣ ማሰሮውን የምትሠራልንን ሸክላ ሠሪ፣ የምንለብሰውን የሚሠራልንን ሸማኔ በስድብ ስም ስንጠራ ኖረናል። ዐፄ ምኒልክ በ1908 ሠራተኛን በሥራው መስደብን በአዋጅ ቢከለክሉም፣ አዋጁ ከልባችን ገብቷል ለማለት አንደፍርም። ያ የድሮ ንቀት ዛሬ የዲግሪ ካባ ለብሶ ይመላለሳል። ተመርቆ የወጣ ወጣት ቢሮ ሲያጣ ቤቱ ይቀመጣል እንጂ ጋራዥ ገብቶ ከመካኒክ ጋር እጁን በዘይት ማቆሸሽ ያሳፍረዋል። ቶርኖ ቤት የሚሠራውም ወጣት ዩኒቨርሲቲ የእሱ ስላልሆነ ጥያቄውን ይዞ ወደ እኛ አይመጣም። በሁለቱም ወገን ዕውቀት አለ፤ ሁለቱ ግን አይተያዩም።

ሁከር መሐንዲስ አይደለህም ሲባል ክርክር አልገጠመም፤ ተነሥቶ ሠራተኞቹ ወዳሉበት ሄደ። ቁጥሩን ይዞ ሄደ፤ ብረቱን ከእነሱ ተማረ። ኤሎር ወጣቱን ሰማው፤ ሃይቭስ የተጣላውን ሰው ረዳው፤ ላቭሲና ረብራ ከጡረታቸው ተነሡ። በእነዚህ ሰዎች መካከል ዶክተር ማን እንደ ሆነ፣ ከጋራዥ የመጣው ማን እንደ ሆነ ሞተሩ አልጠየቀም። ሞተር የሚጠይቀው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ይኸውም ጉድለቱ መታረሙን ነው። ጓደኞቻችን ሆይ፣ ከዚህ ግቢ ወረቀታችንን ይዘን የምንወጣበት ቀን ሩቅ አይደለም። ያን ቀን ማንም ሰው ገና ምንም አታውቁም ቢለን፣ የምንሰጠው መልስ ቅያሜ ሳይሆን ሥራ እንዲሆን እንመኛለን።